ስለ አጎቴ ጩኸት ትርጉም

ለክቡር አቶ ዋልተን ፔንድራይ
የቀደምት ፊልሞች እድሳት ክፍል ዋና ኃላፊ
ሎስ አንጀለስ

ክቡር ሆይ፤ ይህች ደብዳቤ ከነሙሉ ጤናዎ፣ ከነቤተሰብዎ፣ በለስላሳው ወንበርዎ ላይ እንደተቀመጡ እንድታገኝዎ ምኞቴ ነው። እኔ በናቫሆ ነገድ ምድር፣ በካየንታ፣ በጡረታ የምኖር መምህርት ነኝ። ኩባንያዎ በ1953 እ.ኤ.አ. እዚህ የቀረጸውን የፈረሰኞች ፊልም አድሶ ባለፈው ሚያዝያ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ስላሳየን አስቀድሜ አመሰግናለሁ። የደበዘዘው ሁሉ ጠርቷል፤ የነገዳችን አለቃ ሚና የተሰጠው ነጭ ከተሜ ተዋናይ ፊቱን የተቀባው ቡናማ ቀለም በላብ አንገቱ ላይ ሲወርድ እንኳ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

1ኛ፤ አባቴ ሃሪሰን ቢትሲሊና ታናሽ ወንድሙ በፊልሙ ፈረሰኞች ነበሩ። ናቫሆ ሆነው ሳለ አፓቺ የሚባል ሌላ ነገድ ተደረጉ፤ የገዛ ጸጉራቸው «የቀይ ሕንድ አይመስልም» ተብሎም ሰው ሠራሽ ሹሩባ ተደፋባቸው። የአጎቴን ስም እዚህ አልጽፍም፤ በእኛ ዘንድ የሞተን በስም መጥራት አይወደድም። እናንተም ከፊልሙ የስም ዝርዝር ስላስቀራችሁት፣ ባህላችንን አጎቴ ገና በሕይወት ሳለ ጀምራችሁ ማክበራችሁን አደንቃለሁ።

2ኛ፤ በግልቢያው መካከል የአጎቴ ፈረስ ተደናቅፎ ላዩ ላይ ወደቀበት። ዳይሬክተሩ በድምፅ ማጉያ «ማንም እንዳይቆም!» እያለ ይጮኽ ስለነበር፣ የያኔው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት አባቴ በአጠገቡ ጋልቦ አለፈ። አጎቴም በቋንቋችን «ሃሪሰን! እግሬን! ወንድምዬ፣ ጥለኸኝ አትሂድ!» አለ። ዳይሬክተሩ ትዕይንቱን ስለወደደው በፊልሙ ውስጥ ቀረ። የአጎቴ እግር ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

3ኛ፤ በታደሰው ቅጂ ከዚህ ጩኸት ሥር በሚነበበው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ «ነጭ ሁሉ ይሙት!» ብላችሁ ተርጉማችኋል። ቋንቋችንን በቅጡ የማያውቁት ልጆቻችን ሳቁ። ዓይኑ የፈዘዘው አባቴ «ምን ብለው ጻፉ?» አለኝ፤ አነበብኩለት። በዘጠና ዓመቱ ምርኩዙን ተደግፎ ተነሣና፣ «ውሸት ነው! እኔን ነው የጠራኝ! እኔን!» አለ። ይህን ለእናቴ እንኳ ተናግሮ አያውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እህል የሚቀምሰው በልመና ነው።

ትርጉሙ እንዲታረም ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። እናንተም ለብዝኃነት ያላችሁን ፍቅር የሚገልጽ ባለቀለም መጽሔት ላካችሁልኝ፤ በኅዳሩ ውይይታችሁ ላይ «የማኅበረሰቡ ድምፅ» ሆኜ ለአራት ደቂቃ እንድናገርም ጋበዛችሁኝ። የማኅበረሰቡ ድምፅ ፊልማችሁ ውስጥ አለ፤ አራት ሰከንድ አይሞላም፤ እሱን ብትሰሙት ይበቃ ነበር። በመጨረሻም ጸሐፊዎ በስልክ «ወይዘሮ ሎሬና፣ ሰዉ የሚያየው ፈረሱን ነው፤ ጽሑፉን ማን ያነበዋል ብለው ነው?» አሉኝ። ስለ ግልጽነታቸው ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

ምንም እንደማይለወጥ እያወቅሁ፣ በሩ ሲዘጋብኝ ስለታየው ትሕትና ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

ሎሬና ቢትሲሊ
ካየንታ፣ አሪዞና

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ እንዲታተም ወደ ጋዜጣ ልልክ ስል የታረመው ቅጂ በፖስታ ደረሰኝ። ከአጎቴ ጩኸት ሥር አሁን «በባዕድ ቋንቋ ይጮኻል» ይላል። የወደቀበት ሜዳ የአያቶቹ የበግ ግጦሽ ነበር። አባቴ «አሁንስ ምን ይላል?» ሲለኝ፣ «ስምህን ጽፈውታል፣ አባዬ» አልኩት። በዚያ ፊልም ላይ ከተጻፈው ሁሉ ለእውነት የሚቀርበው ይኸው የእኔ ውሸት ነው። አባቴ ግን አላመነኝም።