በየገጹ አናት ላይ የወንድሜ ስም

ሐምሌ 9

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ የተሸጠው አንድ የትራክተር ቺንጋና ሁለት የናፍጣ ፊልትሮ ነው። የመተማ ጭቃ በሙሉ እኔ ሱቅ ወለል ላይ ነው ያለው። ማንም ጫማውን አይጠርግም። ለምን ይጠርጋል? የሚያጸዳው እሱ አይደለ።

መጽሐፉ ትናንት አለቀ። ለማን ልንገር? ለእማ ነገርኳት። «ደግ» አለች፣ ወጡን እያማሰለች። ቀና እንኳ አላለችም።

ማተሚያ ቤት ደጅ አልጠናም። አምና ጎንደር ሄጄ ያናገርኩት ሰውዬ የሰጠኝ መልስ ይበቃኛል። «እህቴ፣ ስለ ሰሊጥ ማን ያነባል?» ሰሊጡን ግን ይበላል! በስልክ እሸጠዋለሁ። ወረቀት የለ፣ አታሚ የለ፣ ደላላ የለ።

የሚተርከው የሰሊጥ ባለእርሻ ነው፣ ራሱ «እኔ» እያለ። ሠራተኛ ሲበድል ይኖርና መጨረሻው ምዕራፍ ላይ የታመመ ሰው ለማሳፈር ሲል የጫነውን ሰሊጥ ከመኪናው ያወርዳል። አነጋገሩን ከማን እንደወሰድኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ከታላቅ ወንድሜ ከምንይችል ነው። አባታችን ሲሞት እርሻው ለእሱ ሆነ፣ ለእኔ ደግሞ «አንቺማ ታገቢያለሽ» የሚለው ቃል። አላገባሁም። በመጽሐፉ ግን አፉን ወሰድኩበት።

ሐምሌ 21

ሽፋኑን ራሴ ሠራሁት። ግራር ዛፍ፣ ከሥሩ የአንድ እግር ኮንጎ ጫማ። «ከግራሩ ሥር የቀረው»። ከታች ስሜ በትልቁ፣ ጸዳለ ገብረማርያም። ብዙ ጊዜ አየሁት። ስሜን እንዲህ በትልቁ አይቼው አላውቅም፣ የሱቁ ታፔላ ላይ ያለው እንኳ የአከራዬ ስም ነው።

ሌባ እንዳይበላኝ ዘዴ ተገኘ። ለገዛ ሰው ሁሉ የብቻው ቅጂ ይላካል፣ በየገጹ አናት ላይ የገዢው ስም ይኖራል። ለሌላ ቢያስተላልፍ ስሙ ያጋልጠዋል። ያፍራል። እዚህ አገር የሚያፍር ሰው አለ እንዴ? … እናያለን።

ነሐሴ 6

ስድስት ሰው ገዛ። አንዷ እኔ ነኝ፣ መሥራቱን ልሞክር ብዬ።

ፊልትሮ ሊገዛ የመጣ አንድ ገበሬ ነገርኩት። «ወረቀት የሌለው መጽሐፍ ምን ይሉታል? ስልኬ ቢሰበርስ?» አለኝ። ጭንቅላትህ ቢሰበርስ? … በሆዴ ነው ያልኩት። ደንበኛ ነው።

ነሐሴ 19

ምንይችል ሱቅ ድረስ መጣ። አልተቀመጠም።

«በመጽሐፍ ስም ታሰድቢኛለሽ አሉ።»

«ስምህን አላነሳሁም።»

«እሱን አይቼ ነው። ላኪልኝ።»

ከፈለ። ክስ የሚፈልግ ሰው ይከፍላል። ስሙን በየገጹ አናት ላይ አደረግሁለት፣ ምንይችል ገብረማርያም። ከሁሉም ገዢ የእሱን ነው በደስታ የጻፍኩት። በገለጠ ቁጥር ስሙን እያየ ይሸማቀቅ።

ነሐሴ 25

ደወለ። «ሦስት ገጽ አነበብኩ። ይኼ ሰውዬ እኔ ነኝ?»

«ሦስት ገጽ አንብበህ በምን አወቅህ?»

ዘጋብኝ። ከሦስተኛው ገጽ እንደማያልፍ አውቃለሁ። ልጅ ሆነን የእሱን የቤት ሥራ የምሠራው እኔ ነበርኩ።

መስከረም 20



ስልክ ጠጋኙ ኸሊል ጋ ሄድኩ፣ የስልኬን ቻርጀር ልቀይር። ሱቁ በሠራተኞች ተሞልቷል። ለአጨዳ ከደጋ የመጡ ናቸው፣ ወደ እርሻ ከመግባታቸው በፊት ሚሞሪያቸው ላይ ዘፈንና ፊልም ያስጭናሉ። አንዱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የምንይችልንም መጽሐፍ ጫንልን።»

የማንን?

ኸሊል ኮምፒውተሩን አዙሮ አሳየኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የእሱ የሱቅ ማስታወቂያ፣ ከነስልክ ቁጥሩ። የእኔ ሽፋን የለም። ቀጥሎ መጽሐፌ፣ ቃል በቃል። በየገጹ አናት ላይ ምንይችል ገብረማርያም … ምንይችል ገብረማርያም … ምንይችል ገብረማርያም።

«ሽፋኑ የታለ?»

«ፎቶው ይከብዳል፣ የእነሱ ስልክ አያነሳውም። ቆረጥኩት፣ ኸላስ።»

«ከየት አመጣኸው?»

«አብዱረሕማን ነው ያመጣው፣ የወንድምሽ ትራክተር ነጂ። የወንድምሽን ስልክ ዘፈን ሊያስጭንለት ይዞ መጥቶ፣ ያለውን ሁሉ ገለበጥነው።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ!»

«አንቺ እህቱ አይደለሽ? ዋላሂ፣ ያው የቤተሰብ ነው።»

የሰደብኩትን እዚህ አልጽፈውም። ሠራተኞቹ እየሳቁ ያዩኛል። ሌባ ይያዝልኛል ብዬ የጻፍኩት ስም ደራሲ ሆኖ ቁጭ አለ። በገዛ እጄ! ምነው እጄን በቆረጠው።

መስከረም 27

ሰሊጡ ደርሷል። ዘንድሮ ሠራተኛ ጠፍቷል፣ መንገዱም እንደልብ አያስኬድም። ባለእርሻው ሁሉ ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ቆሞ ይለምናል። ደላላ ይጮሃል። በሁለት በሦስት ቀን ያልታጨደ ሰሊጥ አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል።

ሄጄ አየሁ። ሰዉ የምንይችል ተሳቢ ላይ እየተሻማ ይወጣል። «ይኼ የጻፈው ሰውዬ ነው፣ የሠራተኛ ነገር ይገባዋል» ይባባላሉ። አንዱ እጁን ጨብጦ፣ «ጋሼ፣ መጽሐፍዎ አስለቅሶናል» አለው። እሱስ? ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «ምን ይደረግ፣ ያየሁትን ነው» አለ።

ያየሁትን ነው አለ!

ጥቅምት 2

እማ ቤት ለምሳ ተገናኘን።

«ለምን ዋሸህ?»

«ጻፍኩ አላልኩም።»

«ያየሁትን ነው አላልክም?»

«ያየሁትማ አይቻለሁ። እርሻው የእኔ አይደለም እንዴ?»

እማ መሃል ገባች። «ጸዳለ፣ በሞቴ፣ ሰሊጡ እስኪነሳ ዝም በይ። ሠራተኞቹ ቢበተኑበት ምን እንበላለን? ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ትያለሽ።»

ሰሊጡ እንዳይረግፍ ሁሉም ይጨነቃል። እኔስ? አራት ዓመት የጻፍኩትስ? እኔን ማን ይልቀመኝ? … አዎ፣ እጠላዋለሁ። ወንድም አይጠላም ይላሉ። እኔ እጠላዋለሁ።

ጥቅምት 8

ገበያ ላይ «ደራሲው» ይሉታል። ደራሲው! የራሱን ቼክ ለመጻፍ ሰው የሚጠራ።

ጥቅምት 12

ደወለ፣ በሹክሹክታ። «ሚስቱ ለምንድን ነው ጥላው የሄደችው?»

«የማን ሚስት?»

«የሰውዬው፣ የመጽሐፉ። ሠራተኞቹ በምሳ ሰዓት ጠየቁኝ።»

«አንብበው።»

«ጊዜ የት አለኝ?»

«እንግዲያው ስለምትሸት ነው በላቸው» ብዬ ዘጋሁ። ለካ ሁሉንም ጨርሰውታል። ማንበብ የሚችለው ያነባል፣ የማይችለው ከቦ ያዳምጣል። ሰባት ሰው የገዛው መጽሐፍ ነው እኮ … ደስ ሊለኝ ሲል ይቆረጣል። ከደስታው ላይ የእሱ ስም ይመጣብኛል።

ጥቅምት 19

በቃኝ። ነገ የምንይችል እርሻ ካምፕ ድረስ እሄዳለሁ። ላፕቶፑን ይዤ፣ ሽፋኑን፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ፣ ሁሉንም። ሠራተኞቹ ፊት እናገራለሁ። ይበተኑ። ሰሊጡም ይርገፍ። ለእማ እኔ አላንስም፣ ሱቅ አለኝ።

የምናገረውን ሦስት ጊዜ ለራሴ ደገምኩት።

ጥቅምት 20

ከየት ልጀምር።

እርሻው ከኮኪት ከተማ ወዲያ ነው፣ በአብዱረሕማን ትራክተር ላይ ተጭኜ ሄድኩ። ሙቀቱ ራስ ይበጣል። ታስሮ የቆመው የሰሊጥ ነዶ፣ ሂላው፣ እስከ ዳር ድረስ ተደርድሯል። ካምፑ ስንደርስ የሚሠራ ሰው የለም። ማጭድ ሁሉ መሬት ላይ ተጥሏል። ሰዉ የምንይችልን ፒክአፕ ከቧል። ፒክአፑ በጆንያ ጢም ብሏል፣ ዘንድሮ መጀመሪያ የተራገፈው ሰሊጥ ነው።

ጥላው ውስጥ አንድ ልጅ ተኝቷል። አለነ ይባላል፣ ከጎጃም ነው። በዚያ ሙቀት ጋቢ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። ሆዱ አብጧል፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። ስንት ቀን እንዲህ እንደሆነ አላውቅም፣ ግን አንድ ቀን አይመስልም።

ቢሻው የሚባል ጠና ያለ የወሎ ሰው ስልኩን ወደ ምንይችል ዘርግቶ ያነብባል። የእኔን መጨረሻ ምዕራፍ። «ሰሊጡ ይርገፍ። የሚጫነው ሰው ነው።»

«ጋሼ፣ ይኼን እርስዎ ነዎት የጻፉት።»

«መጽሐፍ ነው እኮ!» አለ ምንይችል። ላቡ ይንጠባጠባል። «ነጋዴው ገንዳ ውሃ ከተማ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ዛሬ ካላደረስኩ ጥሎኝ ይሄዳል። ልጁን ነገ ትራክተሩ ያደርሰዋል።»

«ነገ ማን ያውቃል ጋሼ? ስምዎ አለበት። እዚህም አለ፣ እዚህም አለ።» ገጹን በጣቱ እየገፋ ያሳየዋል። «ዋሽተው ነው የጻፉት?»

ያኔ ምንይችል አየኝ። ፊቱ በራ። ዕድሜ ልኬን እኔን ሲያይ ፊቱ በርቶ አያውቅም።

«እሷ ናት! እህቴ ናት የጻፈችው! እግዚአብሔርን፣ አንድ መስመር አልጻፍኩም! ጸዳለ፣ ንገሪያቸው!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

የመጣሁት ለዚህ ነበር። ላፕቶፑ ትከሻዬ ላይ ነው። ንግግሬን በቃሌ ይዣለሁ። መለመን እንኳ አላስፈለገኝም፣ ራሱ በመሐላ፣ በሰው ፊት ስሜን መለሰልኝ። አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

አዎ ብልስ? ፒክአፕ የለኝም። ያለኝ ቺንጋ ነው። እሱ «አላልኳችሁም?» ብሎ ሞተሩን ያስነሳል። ልጁ እዚያው ጥላ ውስጥ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ሰው ጽፌዋለሁ፣ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ግን ስሜ! አራት ዓመቴ!

«እኔ የትራክተር ዕቃ ነው የምሸጠው» አልኩ። «መጻፍ የት አውቄ? የጻፈው እሱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ይጽፋል። ትሑት ስለሆነ ነው የሚክደው።»

ምንይችል አፉን ከፍቶ ቀረ። እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ለጊዜው ጣፈጠኝ፣ አልዋሽም።

ቢሻውና ሌሎቹ ጆንያውን ማውረድ ጀመሩ። ማንም ትእዛዝ አልጠበቀም። ምንይችል ሊጮህ ፈለገ፣ ግን ሂላው ገና ሜዳ ላይ ነው፣ እነሱ ማጭዳቸውን ጥለዋል … ዋጠው። አለነን ከነጋቢው ከኋላ አስተኙት፣ ቢሻው ራሱን ደግፎ ተቀመጠ። እኔ ከፊት ገባሁ።

ኮኪትን እንዳለፍን ምንይችል ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ፣ «ለምን?» አለኝ።

«ስለምጠላህ።»

እውነት ነው። እሱ ብቻ ግን አይደለም። የቀረውን ለእሱ የምናገርበት ምክንያት የለኝም።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የደግነት ለቅሶ አይደለም። ንዴት ነው።

ጥቅምት 23

ሐኪሞቹ አለነን ካላዛር ነው የያዘው አሉ፣ ያ የአሸዋ ዝንብ የሚያመጣው በሽታ። ሕክምና ጀምሯል። ረጅም ነው፣ ግን ይድናል ብለዋል።

ነጋዴው ትቶት ሄደ። ምንይችል ሰሊጡን በርካሽ ሸጠ። አያናግረኝም። እሰይ።

እማም አኩርፋለች። «ሁለታችሁም አበዳችሁ» ትላለች።

ኅዳር 14

ሠራተኞቹ ወደየአገራቸው እየገቡ ነው። መናኸሪያው ሞልቷል። ቢሻው አውቶቡስ እስኪመጣ ሱቄ ገባ፣ ለጉዞ የተገዛ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ጫማውን በሩ ላይ ጠረገ።

«እታለም፣ ለጋሼ ንገሪልን። ሁለተኛውን ክፍል መቼ ነው የሚጽፉት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ለከርሞ ያድርሱልን። እሳቸው ጋ ነው የምንመጣው። ስለ ውሃውም ይጻፉልን። ካምፑ ውስጥ ከብቱም እኛም ከአንድ ኩሬ ነው የምንጠጣው።»

«እነግረዋለሁ» አልኩ።

ሄደ። በኪሱ መጽሐፌን ይዞ። ወደ ጎጃምም፣ ወደ ወሎም፣ ወደ ሳንጃም በየኪሱ ይሄዳል፣ አንድም ቦታ ስሜ የለበትም። ያቃጥለኛል። ለራሴ መዋሸት አልፈልግም፣ ያቃጥለኛል። ከእንግዲህ እኔ ነኝ ብል የሚያምነኝ የለም። በሰው ፊት ክጃለሁ።

ሱቁን በጊዜ ዘጋሁ። ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ አዲስ ገጽ። ሽፋን አልሠራሁም። ከሁሉ በፊት አናቱ ላይ፣ አንድ ፊደል ሳላሳስት፣ ምንይችል ገብረማርያም ብዬ ጻፍኩ። ይኼኛውን አልሸጠውም። ገና ዝናቡ ሳይገባ ኸሊል ጋ እወስደዋለሁ፣ ለመጣ ሠራተኛ ሁሉ በነፃ ይጭናል።

ምዕራፍ አንድ። ባለእርሻው ለካምፑ የውሃ ጉድጓድ ያስቆፍራል። በራሱ ወጪ፣ ሠራተኛው ሳይጠይቀው፣ ፓምፑን ጨምሮ። ምዕራፍ ሁለት ላይ ሽንት ቤት።

ሦስተኛው ላይ ገና እያሰብኩ ነው።