ለሆኪ ሲባል ስለ ተዘጋችው መንደራችን

ይድረስ ለክቡር አቶ ኦረስት ዊልቹክ
የወረዳው ትምህርት ቤቶች ስፖርት የተጫዋቾች ብቁነት ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጉልበትዎን እንዳያምዎ፣ ወገብዎን እንዳይቆርጥዎ፣ በተለይም በዚህ ክረምት ስድስት ጊዜ «አልተፈቀደም» ብሎ የፈረመው ቀኝ እጅዎ ከድካሙ ፈጥኖ ያገግም ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ደኅና ነን። ብርዱም ቢሆን የኛን አገር ብርድ አያህልም፤ ደረቅ ነው፣ እንደ ደብዳቤዎ።

ስሜ ሎሬታ ኪዮ ይባላል። ባለፈው ነሐሴ ከባለቤቴ ከሊዮ፣ ከአስራ ሰባት ዓመቷ ልጄ ከሾና እና ከአስራ አራት ዓመቱ ልጄ ከዴኒስ ጋር፣ ከኒውፋውንድላንድ የባሕር ዳርቻ ተነስተን ወደዚህ ወደ ሳስካችዋን ሜዳ፣ ወደ ኖርዝ ዶብሰን መጥተናል። ሊዮ ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን እህል ጎተራ ውስጥ ይሠራል። ለምን እንደመጣን እናውቃለን ብለን ስናስብ የኖርን ሲሆን፣ ትክክለኛውን ምክንያት የነገረን ግን የእርስዎ ኮሚቴ ነው። በጥቅምት ወር በጻፉልን ደብዳቤ መሠረት ቤተሰባችን የመኖሪያ ቦታውን የለወጠው «የስፖርት ጥቅም ለማግኘት» ነው። በዚህም የተነሳ ሾና ለአዲሱ ትምህርት ቤቷ የሴቶች የበረዶ ላይ ሆኪ ቡድን በረኛ ሆና እንዳትሰለፍ ለአንድ ዓመት ታግዳለች። ልጄ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ስለሆነች፣ የእርስዎ አንድ ዓመት ለእሷ ያላት ሁሉ ነው። ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ምስጢራችንን ስላወጡልን አመሰግናለሁ። በኛ አገር አንዲት የባሕር መንደር ሰው ሲያንስባት መንግሥት «ትሄዳላችሁ ወይስ ትቀራላችሁ?» ብሎ ድምፅ ያሰጣል። «እንሄዳለን» ያለው ከበዛ የሚያመላልሰው ጀልባ መምጣቱ ይቀራል፣ መብራቱ ይቆረጣል፣ ሁሉም ወደየዘመዱ ይበተናል። የሊዮ አያት በዘመናቸው ቤታቸውን ከነመስኮቱ በባዶ በርሜል ላይ አንሳፈው፣ በጀልባ እየጎተቱ ነበር ወደ መንደራችን ወደ ብሬንት አርም ያመጡት። የኛን ቤት ግን እስከ ሳስካችዋን ማንሳፈፍ አልተቻለም፤ ትተነው መጣን። ከሰማንያ ሦስት ድምፅ ሰጪ ሰባ ዘጠኙ «እንሂድ» ብለናል። እኔም አንዷ ነኝ። ትምህርት ቤቱ ሰባት ልጆች ስለቀሩት፣ ነርሷም በወር አንድ ቀን ብቻ ስለምትመጣ መስሎኝ ነበር። ለካስ የዘጠና አንድ ዓመቷ አክስቴ ሚልድሬድ ሳይቀሩ ሁላችንም አገራችንን የዘጋነው ለሆኪ ነው! አክስቴ ይህን ሲሰሙ «እኔ እኮ ለጉልበቴ መስሎኝ ነበር» ብለዋል።

፪. ስለ ተባለው ጥቅም። የኖርዝ ዶብሰን የሴቶች ቡድን በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። ከፉክክር የሸሸ ሰው ወደዚህ ይመጣል ቢባል ይገባኛል። አሁን በረኛ ሆና የምትቆመው ኬይላ ፍሪሰን የምትባል የተባረከች ልጅ ናት፤ አንድ ጉድለት ብቻ አለባት፣ ሲመቱባት ዓይኗን ትጨፍናለች። አሰልጣኟ ታራ ባለፈው ሳምንት አሥራ አራት ለባዶ ከተሸነፉ በኋላ ሱቅ አግኝታኝ፣ «ሎሬታ፣ ያቺ ልጅሽ እላይ ተቀምጣ ስታየን እኔን እኮ ነው የሚያመኝ» አለችኝ። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል እንዲሉ፣ ጥቅም ፍለጋ ከሆነ የመጣነው እኛ የዓለም ሞኞች ነን፤ ኮሚቴዎም በዚህ ቢወቅሰን ኖሮ ዝም እል ነበር።

፫. ስለ ቅጹ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የልጄ መሆኑን አልክድም። በቅጹ ሰባተኛ ጥያቄ ላይ «ባለፈው ዓመት ለየትኛው ቡድን ተጫወትክ ወይም ተጫወትሽ?» ይላል። ዴኒስ መጻፍ የሚባል ነገር ሞቱ ስለሆነ ባዶ ትቶት መለሰው፤ በሁለተኛው ቀን ተፈቀደለት፤ አሁን ለወንዶቹ ይጫወታል። ሾና ግን እውነት ተናግራ ማደር የለመደባት ልጅ ስለሆነች፣ በሚያምር ጽሕፈቷ «የብሬንት አርም ኩሬ፣ በረኛ» ብላ ጻፈች። ሁለቱም የተጫወቱት እዚያው ኩሬ ላይ ነው።

ስለ ኩሬው ቡድን ኮሚቴዎ ብዙ እንደደከመ ሰምቻለሁ። የምዝገባ ቁጥሩን በሦስት መዝገብ ፈልገው ሲያጡት «ያልተመዘገበ ቡድን» ብለው ቅጣቱን አጸኑት። ብትጠይቁን ኖሮ በነገርናችሁ። ኩሬው ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ ነው፤ በክረምት በረዶ ሆኖ ይጠጥራል። ተጫዋቾቹ ዘጠኝ ናቸው፤ ሰባቱ ተማሪዎች፣ መምህራቸው ሚስ ሃይንስ፣ እና የሰባ አንድ ዓመቱ አጎቴ አምብሮስ። የግብ መረቡ አንድ ብቻ ነበር፤ ሁለተኛውን ባሕር ወስዶታል። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች የሚያጠቁት አንዲቷን ሾናን ነበር። ማንም ያሸንፍ ማን የምትሸነፈው እሷ ናት። እንዲህ ሆና ስድስት ክረምት ቆማለች። ጥቅም የተባለው ይህ ከሆነ ለጠላቴም አልመኝም።

፬. ይግባኛችንን በሚያዝያ ወር እንደምትመለከቱ ስለገለጹልን እናመሰግናለን። የጨዋታው ዘመን የሚያልቀው በመጋቢት መሆኑን ግን ሳያውቁ አይቀሩም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል። ባትሰለፍም ልጅቷ ጓደኞቿ ሲገቡና ሲወጡ የተጠባባቂዎቹን በር እየከፈተች ትዘጋላቸው ነበር። ይህንንም የሚከለክል ደብዳቤ፣ አምስተኛው መሰለኝ፣ ደርሶናል። በር መክፈት ምን ዓይነት ጥቅም እንደሚያስገኝ አሰልጣኝ ታራንም ጠይቄ አላወቀችም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እስካሁን የቀለድኩት ይህን ለመጻፍ ፈርቼ ነው።

ባለፈው ሰኞ የቢሮዎ ጸሐፊ ወይዘሮ ቦኒ ስልክ ደወሉልኝ። ደግ ሴት ናቸው፤ እንዳይቆጧቸው። «ስሚኝ የኔ እህት፣ ይቺን አንዲት መስመር ትሰርዝና ‹በየትኛውም ቡድን ተጫውቼ አላውቅም› ብላ ትፈርም። ቅዳሜ ትሰለፋለች። ማን ሊያጣራ ነው?» አሉኝ። ደስታዬን አልደብቅዎትም። ወረቀቱን ከቢሮዎ ሄጄ ተቀብዬ ወደ ሾና ክፍል ሮጥኩ።

ልጅቷ ከመጣን ጀምሮ ከክፍሏ እምብዛም አትወጣም። የሌላው ሰው ልጅ ሲናደድ «ወደ አገሬ እመለሳለሁ!» ብሎ በር ይደበድባል፤ ወላጅም ያባብላል። የኔዋ በመስከረም አንድ ቀን ይህንኑ ልትል ጀመረችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። የምትመለስበት ቦታ የለም፤ መብራቱ የጠፋው እኛ በወጣን በአምስተኛው ቀን ነው። ያን ዕለት ያየሁት ፊቷ ከዓይኔ አልጠፋም። ድምፅ ሲሰጥ እሷ ዕድሜዋ አልደረሰም ነበር፤ ስለ እሷ የወሰንኩት እኔ ነኝ።

«ፈርሚና ተጫወቺ፤ ወረቀት እኮ ነው» አልኳት።

አንብባ መለሰችልኝ። «እማ፣ መብራቱን አጠፉት። ጀልባውን አስቀሩት። አንቺም ይዘጋ አልሽ፣ እሺ፣ ገባኝ። አሁን ደግሞ አልነበረም ብዬ እኔ ልፈርም?»

አፈርኩ፣ ክቡር ሊቀ መንበር፣ በጣም አፈርኩ፤ ወረቀቱን ይዤ ወጥቼ ወጥ ቤት ውስጥ ቁጭ አልኩ። ሊዮ ከሥራ ሲመጣ ነገርኩት። «ልጅቷ ከኛ ትሻላለች፤ ተያት» ብሎ እጁን ታጠበ።

ስለዚህ ኮሚቴዎ በሐሰት የምትጫወት በረኛ ከሚያገኝ ይልቅ በእውነት የምትቀመጥ በረኛ እንዲያገኝ ልጄ ወስናለች፤ እኔም ከዘገየሁ በኋላ ተስማምቻለሁ። ሐሳብዎን ቢለውጡ የቅዳሜው ጨዋታ የሚጀምረው በስምንት ሰዓት ነው። ባይለውጡም ይምጡ፤ ከእሷ አጠገብ ወንበር አለ፣ ያገዱት ሰው ምን እንደሚመስል ቢያዩ ለሥራዎ ይጠቅማል።

ደንብ እስካለ ድረስ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ወንበርዎ እስካለም ድረስ ትራስ እንዳይጎድለው እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ስድስቱን ደብዳቤዎችዎን በክብር ያስቀመጥኩ
ሎሬታ ኪዮ
በድምፅ አሰጣጡ የተሳተፈች የበረኛ እናት

ማስታወሻ፦ ያልተፈረመውን ወረቀት ከዚህ ጋር መልሻለሁ። ሾና በሰባተኛው ጥያቄ ሥር የቡድኑን ተጫዋቾች ስም በሙሉ ዘርዝራለች። አጎቴ አምብሮስ አሁን ሃሊፋክስ ልጃቸው ዘንድ ናቸው፤ እሳቸውም የመኖሪያ ቦታ ለውጠዋልና፣ በረዶ ላይ ካገኟቸው አንድ ዓመት ያግዷቸው። ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ያለውን አስቀያሚ ጽሕፈት ማንበብ ካቃተዎት፣ የፈቀዱለት የዴኒስ ስም ነው። «ተው፣ አንተንም ያግዱሃል» ብዬ ብነግረው፣ «እኔ ታዲያ የማን ነኝ?» ብሎ በራሱ እጅ ጻፈው። ወረቀቱን አደራ እንዳይጥሉብን። ዘጠኙ ሰዎች ዛሬ አንድ ላይ የሚገኙት የእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ያልተመዘገበ ያሉት ቡድንም ይኸው ተመዘገበ።