እሳት ያልነካው ቢላዋ

አባዬ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። ቡታጅራ አፈር ካለበስንህ ይኸው ሦስተኛው ክረምት ገባ። እኔ ከጉብሬው ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመርቄ መጥቻለሁ። ሥራ ገና ነው፤ እጄን አጣጥፌ ግን አልተቀመጥኩም። ትናንት ከእማዬ ጋር ተጣላሁ።

ጓሮ ካሉት እንሰቶችህ የአንዱ የመሃል ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጠወለገ። ስሰነጥቀው መግል የመሰለ ፈሳሽ ወጣው። ቆርጬ ልጥለው ስል እማዬ ግንዱን አቅፋ፣ «አባትሽ የተከለውን አትነኪም! የተማርሽው እንሰት ማረድ ነው እንዴ?» ብላ ጮኸችብኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ያየሁህ መጣብኝ። ይኸው በሽታ ሁለት መስመር እንሰት ጨርሶ፣ የታመመውን በገጀራ ስትከታትፈው ጭማቂው ፊትህ ላይ ይረጭ ነበር። እየተሳደብክ ጉድጓድ ውስጥ ትወረውረዋለህ። በሽታው በስለት ስለሚተላለፍ፣ የታመመ የቆረጠበትን ቢላዋ እሳት ሳያስነካ ጤነኛውን የቆረጠ ማን እንደሆነ ጠየቅክ። ወንድሜን ጀማልን ጠርጥረህ በገጀራው ጀርባ ትከሻውን አልከው። ወደቀ።

አባዬ፣ እኔ ነበርኩ። ለበጋችን ቅጠል ስቆርጥ ቸኩዬ፣ ቢላዋውን እሳት ላይ መያዙን ዘለልኩት። ከዚያም ፈርቼ ዝም አልኩ።

ዩኒቨርሲቲ ምን ተማርኩ መሰለህ? የሴል ዲኤንኤ ሲበጠስ አንድ ጠባቂ ፕሮቲን ይነሳል። ሴሉ እንዳይራባ አስቁሞ፣ ይጠገን እንደሆነ ጊዜ ይሰጠዋል። ካልተጠገነ ግን ሞት ያዝዝበታል። ሴሉ የገዛ ቢላዎቹን፣ ኢንዛይሞቹን፣ መዝዞ ውስጡን ይዘለዝላል፣ ዲኤንኤውን ይከትፋል፤ ቁርጥራጩን ጎረቤቶቹ ይውጡታል። ሰውነት የሚተርፈው በዚህ ጭካኔ ነው። ጉበትህን በልቶ የገደለህ የካንሰር እብጠት ደግሞ ሙቱ ሲባሉ እምቢ ያሉ ሴሎች ክምር ነበር። ክፍል ውስጥ ይህን ስሰማ ደብተሬን በእስክሪብቶ ወጋሁት።

ደውዬለት ጀማል ትናንትውኑ ባጃጁን ወልቂጤ አቁሞ መጣ። እማዬ ፊት ሁሉንም ተናዘዝኩ። ጀማል ትከሻውን አሻሸ። ከዚያ ገጀራውን አቀበለኝና፣ «ከጀርባው አንድ ጊዜ ባቀምስሽ ደስ ባለኝ፤ በይ አሁን በስለቱ ምቺ» አለኝ።

እማዬም ሌሎቹን እንዳይበክል ገብቷት ግንዱን ለቀቀች። መታሁ። እጄ እስኪላጥ መታሁ፤ ከነሥሩ ነቅለን ቀበርነው። እማዬ እያለቀሰች እሳት አነደደችና ገጀራውን ራሷ ያዘችበት።

የቀሩት አሥራ አንዱ እንሰቶችህ ቆመዋል አባዬ። ስለት ባነሳሁ ቁጥር መጀመሪያ እሳት ላይ እይዘዋለሁ፤ እስኪግል ስምህን እጠራለሁ።

ልጅህ