የማራኪ ጉልበት

የልጄ ልጅ ማራኪ፣ ቡዳፔስት ያለው ቤትሽ ሰላም ይሁን፤ የወጣሽበት በር ክፉ አያሳይሽ።

እኛ እዚህ ቪዲኮን ሰፈራችን ደህና ነን። እናትሽ ትርፍነሽ ለትራም ስትሮጥ ክለብሽ ቢያያት፣ አንቺን ሸጦ እሷን ይገዛ ነበር። አክስትሽ ከጄኔቫ በየእሁዱ ትደውላለች፤ ምን እንደምትል አትጠይቂኝ፣ የምትናገረው እሷ፣ የማንቀላፋው እኔ።

አሁን ቀልዱ ይብቃ። የቅዳሜውን የእጅ ኳስ ጨዋታ በስልክ አየሁት። ዘለሽ ጎል ስታገቢ መሬት የረገጥሽው በግራ እግርሽ ብቻ ነው። ለእናትሽ ግን «ልምምድ የቀረሁት ጉንፋን ይዞኝ ነው» ብለሻታል። ጉንፋን ጉልበት ላይ ሲወጣ በሰማንያ ዓመቴ አላየሁም። ያየሁትን አልነገርኳትም፤ አንቺው ንገሪያት። ሐኪሙ አቁሚ ካለሽ፣ ማደንዘዣ ተወግተሽ ለዋንጫ እንዳትገቢ። ዘጠኝ ዓመት ሃንጋሪዎችን አስጨብጭበሻል። ከዋንጫ በኋላም የቤት ደረጃ መውጣት አለ፣ ልጄ።

ትንሽ ሆነሽ ከየጨዋታው በፊት ጉልበቴን ስመሽ፣ ተመርቀሽ ነበር የምትወጪው። አሁን ተራው የእኔ ነው፤ ነዪና ያንቺን ጉልበት ልሳመው። መጎንበስ ስለማልችል፣ እግርሽን ሶፋው ላይ ትሰቅዪልኛለሽ።

እስከዚያው አምላክ እርምጃሽን ይደግፍልኝ።

አያትሽ ንዋይ