ስላልተገኘው የመርፌ ጫፍ እና ስለተሰጠኝ የእንግሊዝኛ ቅጽል

ለተከበሩ የልብስ ስፌት ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የበረታ ይሁን። ያን ዕለት ከሰዓት ድምፅዎ ከአዳራሹ ዳር እስከ ዳር ተሰምቷል፤ እርግጥ ማሽኖቹ ቆመው ነበር፣ ያስቆምኳቸውም እኔ የጥራት ተቆጣጣሪዋ ነኝ።

ነገሩ የተበላሸው የሕፃናት ልብስ አንገትጌ በምትሰፋው ባልደረባችን እጅ ላይ መርፌ የተሰበረ ጊዜ ነው። እርስዎ ፈርመው ግድግዳ ላይ ያስለጠፉት ደንብ፣ ስባሪው በሙሉ ተገኝቶ እስኪገጣጠም ድረስ የስፌት መስመሩ ይቁም ይላል። ግማሹን ከማሽኑ ሥር አገኘነው፤ ጫፉን አጣነው። በማግኔት ወለሉን እያሰስን ሳለ እርስዎ መጥተው በሁሉም ፊት «አንፕሮዳክቲቭ» አሉኝ፣ መስመሩም እንዲቀጥል አዘዙ። ልብሶቹ ታሽገው መጋዘን ገቡ፤ እኔም የልብስ ቁልፍ እንድለቅም ወደ ኋላ ክፍል ተላክሁ።

ስለሆነም ቅሬታዎቼን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቃሉ አመሰግናለሁ። በትምህርት ቤት የማውቀው «ፍሬ አልባ» ተብሎ ሲተረጎም፣ ምንም ለማያበቅል መሬት፣ ያለ ውሳኔ ለሚበተን ስብሰባ፣ አክታ ለማያወጣ ደረቅ ሳል ሲባል ነው። ከእነዚህ የትኛዋ እንደሆንኩ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ ስብሰባውን ግን ለእርስዎ እተዋለሁ። ልብስ ውስጥ የቀረ ብረት የሚለየው መፈተሻ ማሽንም ከተበላሸ ጀምሮ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል፤ እሱን እንዲህ ብሎ የሰደበው ሰው አላየሁም።

ሁለተኛ፣ ቃሉ ስሜ ሆኗል። የመስመሩ ሴቶች ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ «እሜቴ አንፕሮዳክቲቭ፣ ዛሬስ ምን አስቆምሽ?» ይሉኛል፤ አብሬ እስቃለሁ። መርፌው የተሰበረባት ግን አትስቅም፤ እሷም ቤቷ ጨቅላ ልጅ አላት። «እህቴ፣ ከዚያ ወዲህ የልጄን ልብስ ሳልዳብስ አላለብሰውም» አለችኝ።

ሦስተኛውን በትሕትና ላሳምረው ሞክሬ አልሆነልኝም። ያ ጫፍ የሆነ ቦታ አለ። ወለሉ ላይ ከሆነ እሰየው። አንገትጌ ውስጥ ከሆነ ግን፣ ልብሱን የሚለብሰው ልጅ ወጋኝ ማለት አይችልም። ያለቅሳል፤ እናቱም ራበው ብላ ታጠባዋለች።

ዛሬ ጠዋት በጸሐፊዎ በኩል፣ ልብሶቹ ተፈትሸው አልፈዋል በሚለው ወረቀት ላይ ከፈረምኩ ወደ ቦታዬ እንደምመለስ አሳውቀውኛል። ስለ ደግነትዎ አመሰግናለሁ፤ አልፈርምም። ካርቶኖቹ ይከፈቱና አንገትጌዎቹ አንድ በአንድ ይታዩ። ከሥራ ሊያስወጡኝ ይችላሉ። ከእንግዲህ ግን ባላየሁት ልብስ ላይ ስሜ እንዲያርፍ፣ ሥራዬን በመሥራቴም እንድሰደብ አልፈቅድም።

ያን ከሰዓት አንዲት ልብስ እንኳ ያላመረተችው፣
አክባሪዎ የጥራት ተቆጣጣሪ

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ ልብሶቹን ለሚገዙን ደንበኞችም በእንግሊዝኛ ተልኳል። ሁሉንም እኔው ተርጉሜዋለሁ፤ አንዱን ቃል ብቻ እርስዎ ቀድመው ስለተረጎሙልኝ ድካሜን አቅልለውልኛል።