የእትዬ ማዕበል እና ያልደረቀው ሥዕላቸው

ጎረቤቱ ሁሉ «እትዬ ማዕበል» የሚላቸው የሥዕል መምህርት፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ሐይቁ ዳር ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ እጃቸው ማረፍ የማያውቅ ነበር፤ የትምህርት ቤቱን ዴስክ በሥዕል ሞልተው ብዙ ጊዜ «ወላጅ አምጪ» ተብለዋል።

በ1965 ዓ.ም. የመምህርነት ሥልጠናቸውን ጨርሰው ሥዕል ማስተማር ጀመሩ። በ1968 ዓ.ም. የመንገደኛ ጀልባ ነጂ የሆኑትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

ሁለተኛ ልጃቸውን በወለዱበት ዓመት፣ ባለቤታቸው መንገደኛ አሳፍረው ሐይቁ መሐል ሳሉ ማዕበል ተነሣ። እትዬ ማዕበል ሕፃኗን ታቅፈው ጀልባዋ ብቅ ጥልቅ ስትል ከወደቡ ላይ አዩ። ባለቤታቸው በሰላም ገቡ፤ የእሳቸው ልብ ግን አልገባም። በዚያው ሳምንት ማዕበሉን ከነጀልባዋ ሸራ ላይ ሣሉት። ከዚያ በኋላ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ሥዕሉን ከሳሎኑ ግድግዳ አውርደው፣ ጀልባዋን ፍቀው፣ ወደ ዳር አስጠግተው ይሥሏታል። በማግስቱ ባለቤታቸው ወደ ሥራ ሲወጡ ደግሞ «ሥዕል አይዋሽም» ብለው ወደ መሐል ይመልሷታል። ቀለሙ ተደራርቦ እንደ ግድግዳ ልስን ወፈረ።

«አንቺ ሴት፣ ወይ አስምጪኝ ወይ አውጪኝ!» እያሉ ባለቤታቸው ይቀልዱ ነበር። «አንተ መሬት ላይ ሥራ ያዝ፣ ሥዕሉም ያልቃል» ይሏቸዋል። ልመናቸው ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ።

ባለቤታቸው ጡረታ ወጥተው ጀልባዋን ካስረከቡ በኋላም እትዬ ማዕበል እፎይ አላሉም። ልጆቻቸው «እማዬ፣ አሁንስ ዳር አድርሺያት» ሲሏቸው፣ «ነፋሱን ማን ጡረታ አወጣው?» ይሉ ነበር።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው አቅም ሲያንሳቸው፣ ሥዕሉን አልጋቸው አጠገብ አስቀመጡት። በመጨረሻው ሳምንታቸውም በትራስ ተደግፈው ተነሡና ጀልባዋን ሐይቁን በሣሉበት ቀለም ጨርሰው ሸፈኗት። ልጆቻቸው «አባዬን አሰመጠችው!» ብለው ደነገጡ። ባለቤታቸው ግን ሥዕሉን ቆመው ሲያዩት ቆዩና፣ «ዝም በሉ፤ ከእንግዲህ ሐይቁ ላይ የለሁም፤ አውጥታኛለች» ብለው አለቀሱ።

እትዬ ማዕበል ሐሙስ ግንቦት 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በ72 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ቀለሙ ገና ያልደረቀ ማዕበል ትተውልናል።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳር ቆመው ሰው ሲጠብቁ ኖሩ። ፈጣሪ በወዲያኛው ዳር ቆሞ ይቀበላቸው፤ ዕረፍት ያጣች ነፍሳቸውንም ያሳርፍልን።