ኦቦ ከድርን ማሳረፍ አቃተኝ

ሰኞ
የስክሪኑ መስመር አልወርድ አለ። ኦቦ ከድር ለጥናቴ የመጨረሻው ሽማግሌ ናቸው፤ ከዲንሾ ድረስ መጥተው። የተዋስነው አልትራሳውንድ ደግሞ ዓርብ ይመለሳል። ሥራው ቀላል ነው፦ መሣሪያውን ከጆሮ በላይ አደርጋለሁ፣ ሰውየው ሁለት ደቂቃ ያርፋል፣ ከዚያ ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሰ ይቆጥራል። አንጎል ሥራ ሲበዛበት ደም ይፈጥንለታል፣ ስክሪኑ ላይ መስመሩ ከፍ ይላል። የሳቸው ግን ገና ሲያርፉ ወጣ፤ ሲቆጥሩም እዚያው ቀረ።

ሲወጡ «ወንድሜ የልጆቹን ስም ረስቶ ነው የሞተው። የኔስ ጭንቅላት ደህና ነው?» አሉኝ። ጥናት እንጂ ምርመራ አይደለም አልኳቸው። አላመኑኝም።

ማክሰኞ
ጄል ቀየርኩ። ገመድ ቀየርኩ። በራሴ ላይ ሞከርኩት፣ ይሠራል። አማካሪዬ የሳቸውን ውጤት ጣይው አለኝ። ጥያቄያቸውንስ የት ልጣለው? ምናልባት አማርኛው ይሆናል። ነገ በኦሮምኛ።

ረቡዕ
ባሰ። «ቦቆዻ»፣ ይረፉ ስላቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ መስመሩ ሽቅብ። አቆምኩት።

ሮቤ ገበያ ሱቅ ያላት ልጃቸው ዘይነባ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። አባቷ ሰኞ ቤት እንደገቡ በጎቻቸውን ለልጆቻቸው አከፋፈሉ አለችኝ። ለምን? ሐኪሟ፣ ማለት እኔ፣ «አሁን ያርፋሉ» ስላለቻቸው።

ክው አልኩ። በአማርኛ ሽማግሌ ሲሞት አረፉ እንላለን። ኦሮምኛውም ያው ነው። ሰኞ በአማርኛ፣ ዛሬ በኦሮምኛ፣ የራሳቸውን መርዶ ስነግራቸው ነበር። እሳቸውም በሆዳቸው ሊሞት ያለ ሙስሊም የሚለውን ሸሃዳ ይሉ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አንጎሉ መች ያርፋል።

ለምን አልጠየቁኝም ብላቸው፣ «ሐኪም ካለ ምን እላለሁ ልጄ? በደህና ልሂድ ብቻ አልኩ» አሉ። አለቀስኩ። ያጽናኑኝ እሳቸው ናቸው።

ሐሙስ
«ያርፋሉ»ን ከወረቀቱ ሰረዝኩ። ዲንሾ ላይ ሚኒባስ እስኪሞላ እንደሚጠብቁ ሆነው ይቀመጡ አልኳቸው። ትከሻቸው ወረደ። መስመሩም ወረደ። ከዚያ ቁጥር፦ ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰባ ስምንት... ተሳሳቱ፣ ተመለሱ፣ ሰባ ዘጠኝ። መስመሩ ወጣ። ስክሪኑን ሳሳያቸው ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ምርመራ አለመሆኑን ደግሜ ነገርኳቸው፤ ስለ መርሳቱ የሐኪም ቀጠሮ አስያዝኩላቸው።

ከሳቸው በፊት ያሳረፍኳቸው ሽማግሌዎችስ በሆዳቸው ምን ይሉ ነበር? አንድ በአንድ መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው።

ዘይነባ ስለ በጎቹ አነሳች። ታላቅ ወንድሟ የደረሰውን አርዶ በልቶታል። ኦቦ ከድር ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ ሳቁ።

«ይሁን» አሉ፤ «ያረፈው በጉ ነው።»